ሰማይ የሸመነው ጥለት

በናሚቢያ ዋና ከተማ በዊንድሁክ፣ ፖስት ስትሪት በሚባለው የእግረኞች መንገድ ላይ፣ በብረት ምሰሶዎች ጫፍ የተቀመጡ 30 ያህል ጥቋቁር ድንጋዮች አሉ። ላያቸውን ብቻ ያየ መንገደኛ የዛገ ብረት ናቸው ብሎ ያልፋቸዋል። ብረትነታቸው እውነት ነው፤ የመጡት ግን ከሰማይ ነው። በአገሪቱ ደቡብ፣ በጊቤዮን ዙሪያ ተበትነው ከተገኙት ውስጥ ናቸው።

ከዚህ ብረት ቁራጭ ተልጎ ፊቱ በአሲድ ሲታጠብ፣ እንደ ሸማ ጥለት የተጠላለፉ ቀጫጭን መስመሮች ብቅ ይላሉ። እ.ኤ.አ. በ1804 በኔፕልስ የሚኖረው እንግሊዛዊ ዊልያም ቶምሰን፣ ከሳይቤሪያ የመጣ ናሙና ዝገቱ እንዲለቅ ናይትሪክ አሲድ ቢቀባው ይህንኑ አየና ጽፎ አሳተመ። በ1808 ደግሞ የቪየናው አሎይስ ፎን ቪድማንሽቴተን፣ በክሮኤሺያ የወደቀ ብረት በእሳት ሲያግል ተመሳሳዩን አገኘ። የጥለቱ መጠሪያ የእሱ ስም ሆኖ ቀረ፤ ቀዳሚው ቶምሰን ግን ተረሳ።

ሸማኔው ጊዜ ነው። በጥንታዊ ትንንሽ ዓለማት እምብርት ውስጥ የቀለጠው የብረትና የኒኬል ቅይጥ ከረጋ በኋላ፣ ሙቀቱ በሺህ ዓመት ከ10 ዲግሪ ባልበለጠ ፍጥነት እየወረደ ቀዘቀዘ። በዚያ ዝግታ፣ ኒኬል ያነሰበት ካማሳይት ኒኬል ከበዛበት ቴናይት ውስጥ እየተለየ በሰቅ በሰቅ አደገ። የሰቆቹ ውፍረትና የኒኬሉ ስርጭት ቅዝቃዜው ምን ያህል ጊዜ እንደፈጀ ለተመራማሪ ይነግራሉ። ይህን ያህል ዘመን የሚጠብቅ ምድጃ ስለሌለ፣ ጥለቱን በዚህ መጠን አስመስሎ መሥራት አይቻልም።

ውበቱ ግን ጦስ አመጣበት። የጊቤዮን ብረት በስስ በስሱ እየተላገ የእጅ ሰዓት ፊት፣ ቀለበትና የቢላ እጀታ ሆኗል። ናሚቢያ የሰማይ ድንጋዮቿን እ.ኤ.አ. በ2004ቱ የብሔራዊ ቅርስ ሕግ ትጠብቃለች፤ አስቀድሞ የወጣው ግን በየአገሩ ተበትኗል። በዚያችው አገር የሚገኘውና 60 ቶን ያህል የሚመዝነው ሆባ የተባለው የሰማይ ድንጋይ ግን፣ ኒኬሉ ስለበዛ ይህ ጥለት የለውም፤ ዛሬም በወደቀበት ስፍራ አለ።

መቁረጥን ሁሉ አልቃወምም፤ ሳይቆረጥ ምስጢሩ ባልታወቀ ነበር። ለጥናት የሚቆረጠው የት እንደተገኘና ከየትኛው ቁራጭ እንደተወሰደ ይመዘገባል። ለጌጥ የሚላገው ግን ጥለቱን ይዞ ታሪኩን ያጣል። ስለዚህ የዊንድሁኮቹ ድንጋዮች ሳይቆረጡ፣ መንገደኛው በእጁ በሚዳስሳቸው በዚያው አደባባይ ይቆዩ። በውስጣቸው ያለውን ጥለት ለልጁ የሚነግር ሰው ካለ፣ መጋዝ አያስፈልግም።