ሱቁ የተዘጋበት ሰው ስለ ንግድ መጽሐፍ መጻፍ ይችላልን?



በቂርያት ጋት የኢንዱስትሪ ቀጠና፣ ሁላችንም «አዞር ታዕሲያ» በምንለው ቦታ፣ ለብዙ ዓመታት በፈረቃ የሠሩ አንድ አባት ከጥቂት ወራት በፊት ደብተር ይዘው ወደ ቢሮዬ መጡ። ከፋብሪካ ሲወጡ ባጠራቀሙት ገንዘብ የእንጀራ መጋገሪያ ከፍተው ነበር። በሁለተኛው ዓመት ተዘጋ፤ ዕዳውን ዛሬም በየወሩ ይከፍላሉ። አሁን ስለ ንግድ በአማርኛ መጽሐፍ ለመጻፍ አስበዋል። ልጃቸው ግን «አባ፣ የከሰረ ሰው የጻፈውን ማን ያነባል?» አላቸው። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል እንደሚባለው ነው። እሳቸውም «ልጄ፣ እውነቱን ነው ወይ?» ብለው ጠየቁኝ።

መልሴ «ይነበባል፣ ነገር ግን ጥናት ሊኖረው ይገባል» የሚል ነበር። ምክንያቱን ላስረዳ።

ጥናት ለምን ያስፈልጋል?

የንግድ መጽሐፍ እንደ ተረት ተነቦ የሚቀር አይደለም። አንባቢው አምኖት የቤተሰቡን ገንዘብ ያወጣበታል። ጸሐፊው ከተሳሳተ የሚከስረው አንባቢው ነው።

አሜሪካዊው ጂም ኮሊንስ እ.ኤ.አ. በ2001 ታዋቂ መጽሐፉን ሲያወጣ 21 ሰዎች ያሉት ቡድን ለ5 ዓመት ሠርቶበታል። 1,435 ድርጅቶችን መርምረው 11 ብቻ መረጡ፤ ካልተሳካላቸው ጋርም አነጻጸሩ። ያም ሆኖ ከ11ዱ አንዱ ሰርኪት ሲቲ በ2008 ኪሳራ አስታወቀ፤ ፋኒ ሜይም በዚያው ዓመት በመንግሥት ቁጥጥር ሥር ገባ። ጥናት ነቢይ አያደርግም ማለት ነው። ሆኖም ኮሊንስ የሠራበትን መንገድ በግልጽ ስለጻፈ ሌሎች ሊመረምሩትና ሊተቹት ቻሉ።

ሌላው አደጋ የተሳካላቸውን ብቻ መጠየቅ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አብርሃም ዋልድ የተባለ ወደ አሜሪካ የተሰደደ አይሁዳዊ የሂሳብ ሊቅ የጦር አውሮፕላኖችን ጉዳት አጥንቶ ነበር። ከጦርነት በተመለሱት አውሮፕላኖች ላይ የሚታየው ቀዳዳ ብቻውን እንደማይበቃና ያልተመለሱትም መታሰብ እንዳለባቸው አሳየ። ተመትቶ የወደቀው ቀዳዳው አይታይምና። የተዘጋ ሱቅም እንዲሁ ነው።

ከከተማችን ምን እንማራለን?

የኢንቴል እስራኤል መሥራች ዶቭ ፍሮማን በ2008 ስለ አመራር መጽሐፍ አሳትመዋል። በ1991 የስከድ ሚሳይል ሲወድቅ የኢየሩሳሌም ፋብሪካቸው እንዳይዘጋ ስለወሰኑት ውሳኔ ብዙ ተጽፏል። ድፍረታቸው እውነት ነው። ነገር ግን በ1999 በከተማችን ለተከፈተው የኢንቴል ፋብሪካ መንግሥት ወደ 600 ሚሊዮን ዶላር ድጋፍ ሰጥቷል። ይህን ትቶ «ድፍረት ብቻ ይበቃል» የሚል መጽሐፍ አንባቢውን ያሳስታል። በአንጻሩ በዚሁ ቀጠና ብዙ ሠራተኞች የነበሩት የፖልጋት ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተዘግቷል። የሁለቱም ታሪክ ያስተምራል።

እንዴት ይጀመር?

አንደኛ፣ ጥያቄው አንድና ግልጽ ይሁን፦ «ወገኖቻችን የከፈቷቸው ሱቆች በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ለምን ይዘጋሉ? የቆዩትስ እንዴት ቆዩ?»

ሁለተኛ፣ ከራስ ወረቀት ይጀመር። የኪራይ፣ የአርኖና፣ የመብራት፣ የዱቄትና የባንክ ወረቀት በወር በወሩ ይደርደር። ትዝታ ለባለቤቱ ያደላል፤ ደረሰኝ ግን አያደላም።

ሦስተኛ፣ የዘጉትም የቆሙትም እኩል ይጠየቁ፤ ጥያቄውም ለሁሉም አንድ ይሁን። ላማስ፣ ማለትም ማዕከላዊ የስታቲስቲክስ ቢሮ፣ በአገሪቱ ስንት ድርጅት እንደተከፈተና እንደተዘጋ በየጊዜው ስለሚያወጣ ከዚያ ጋር ማስተያየት ይቻላል።

አራተኛ፣ ፈቃድ ይጠየቅ። በእኛ ዘንድ ኪሳራ ገመና ነው። ስም ይለወጥ፤ የተጻፈውም ለተናጋሪው ተነቦለት ይስማማበት።

እኚህ አባት ወረቀታቸውን ደረደሩ። ሁልጊዜ «ገበያ ጠፍቶ ነው የተዘጋው» ይሉ ነበር። ደብተሩ ግን ሌላ ነገር ተናገረ፦ እንጀራው ይሸጥ ነበር፤ ለዘመድና ለጎረቤት በዱቤ የተሰጠው ግን አልተመለሰም። ይህን መጻፍ ቀላል አይደለም። ባለ ዱቤዎቹን በየሠርጉና በየለቅሶው ያገኟቸዋል። ነገር ግን ነገ ሱቅ ለሚከፍት ወጣት ከዚህ የሚጠቅም ምክር የትኛው ነው?

የማንንም ስም ሳይጠሩ ሊጽፉት ወስነዋል። ልጃቸውም ቁጥሮቹን በኮምፒውተር እየመዘገበ ያግዛቸዋል። እስካሁን ሱቅ የዘጉ ሦስት ሰዎች ዘንድ ሄደዋል፤ ሁለቱ ነገሯቸው፣ አንደኛው ግን ስለዚህ ነገር መናገር አልፈልግም አሉ። ያንንም በደብተራቸው ጽፈውታል።