ለዝንቡ የሚደርሰው ድርሻ

በእስራኤል፣ ከረሆቮት ከተማ በስተ ደቡብ፣ በቢሉ ሴንተር የገበያ ማዕከል አካባቢ፣ ኮክ፣ ወሽመላና ዘይቱን በጓሮው ተክሎ ኬሚካል የማይረጭ አትክልተኛ፣ መነሻው ከሰሃራ በታች ያለው አፍሪካ ለሆነው የሜዲትራኒያን የፍራፍሬ ዝንብ ከምርቱ ጥቂቱን ማካፈሉ አይቀርም። እንስቷ ዝንብ መብሰል የጀመረውን ፍሬ ልጣጭ ወግታ እንቁላሏን ከሥሩ ትጥላለች፤ ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው እጭ፣ ማለትም ትሉ፣ የፍሬውን ሥጋ እየበላ ካደገ በኋላ ወደ አፈር ይወርድና በቅርፊት ተሸፍኖ ቆይቶ ክንፍ ያለው ዝንብ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ማካፈል ማለት የወደቀውን ፍሬ ከዛፉ ሥር መተው አይደለም፤ ይህ የጎረቤትንም ጓሮ መጉዳት ነው። የተወጋው ፍሬ ተለቅሞ በጥቁር ፕላስቲክ ከረጢት ከታሰረ በኋላ እጩ በሙቀት እስኪሞት ድረስ ፀሐይ ላይ ሊቆይ፣ ጤነኛው ደግሞ ከመብሰሉ በፊት ዝንብ በማያስገባ ስስ መረብ ሊሸፈን ይገባል። ጓሮ ያለው ሁሉ የወደቀውን ፍሬ በየቀኑ ይልቀም።