ከሞተር ብስክሌት ውድድር ለቤታችን የሚተርፍ ትምህርት

ቅዳሜና እሑድ የሐዋሳን ጎዳናዎች የተመለከተ ሰው የሞተር ብስክሌትን አገልግሎት ሳያስተውል አያልፍም። ከተማዪቱ ሜዳማ፣ መንገዶቿም ሰፋፊ በመሆናቸው ባለሁለት ጎማ ተሽከርካሪ ይስማማታል። አባት ይነዳል፤ እናት ከኋላ ትቀመጣለች፤ ሕፃኑም በመካከላቸው ይታቀፋል። ወደ ገበያ ቢሆን፣ ወደ ሐይቅ ዳር ቢሆን፣ ወደ ለቅሶ ቤትም ቢሆን ጉዞው በዚሁ ነው። ከእነዚህ መንገደኞች መካከል ግን ራሱን በሄልሜት ሳይሸፍን የሚሄደው ብዙ ነው።

ታዲያ ይበልጥ የሚያሰጋው ማን ነው? በውድድር ሜዳ ላይ እንደ ንፋስ የሚከንፈው ሞተረኛ ነው ወይስ ሽንኩርትና ዘይት ሊገዛ ብቅ ያለው የቤታችን ሰው? ብዙዎቻችን ያለ ማመንታት «ተወዳዳሪው ነው» እንላለን። ተወዳዳሪው ቅዳሜንና እሑድን እንዴት እንደሚያሳልፍ ብናይ ግን ለመልሱ አንቸኩልም።

ስፖርቱ በተስፋፋባቸው አገሮች በብሔራዊ ሻምፒዮና ከሚካፈሉት ሞተረኞች ብዙዎቹ እንጀራቸው ሌላ ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ በጋራዥ፣ በቢሮ ወይም በፋብሪካ ይሠራሉ። የመመዝገቢያውን፣ የጎማውንና የቤንዚኑን ወጪ ከደመወዛቸው ይከፍላሉ። መፍቻ የሚያቀብለው ወንድም፣ ሻይ የምታፈላውም እኅት ወይም ሚስት ትሆናለች።

በውድድሩ ቦታ የመጀመሪያው ሥራ ምርመራ ነው። ተቆጣጣሪዎች የፍሬኑን፣ የጎማውንና የነዳጅ መስጫውን ሁኔታ ይፈትሻሉ። የሞተሩ ዘይት መንገድ ላይ ፈስሶ ሌላውን እንዳይጥል የዘይት መክፈቻው ብሎን በሽቦ መታሰሩን ያያሉ። ቀጥሎ የቆዳ ልብሱ፣ ጓንቲውና ጫማው ይታያል። ሄልሜቱ የተሰነጠቀ ወይም ደረጃውን ያልጠበቀ ከሆነ ባለቤቱ ምንም ያህል ጎበዝ ቢሆን አይወዳደርም።

ከዚያ ስለ ባንዲራዎቹ ትርጉም ማሳሰቢያ ይሰጣል። ቢጫ ሲውለበለብ ከፊት አደጋ ስላለ መቅደም ክልክል ነው፤ ቀይ ሲታይ ውድድሩ ይቆማል። ሐኪምና አምቡላንስ በቦታቸው ካልተገኙ ውድድሩ አይጀመርም። ወድቆ ራሱን የተመታ ተወዳዳሪም «ደኅና ነኝ» ስላለ ብቻ ተመልሶ አይወጣም፤ የሐኪም ፈቃድ ያስፈልገዋል። ይህ ሁሉ ከተሟላ በኋላ የማጣሪያው ልምምድና ዋናው ውድድር ይካሄዳል። ሰኞ ጠዋት ሁሉም ወደ ሥራው ይመለሳል።

ለሴቶች የተዘጋው በር

አደጋን በዝግጅት መቋቋም እየተቻለ በክልከላ ብቻ ለመመለስ መሞከር ምን እንደሚያስከትል የቤሪል ስዌይን ታሪክ ያስረዳናል። ይህች እንግሊዛዊት እ.ኤ.አ. በ1962 በማን ደሴት በሚደረገው ዝነኛ ውድድር በ50 ሲሲ ሞተር ተወዳድራ፣ በሁለተኛው ዙር ከፍተኛው ማርሽ ቢበላሽባትም እስከ መጨረሻው ዘልቃለች። በዚያ ውድድር ብቻዋን ሞተር እየነዳች የተካፈለች የመጀመሪያዋ ሴት እርሷ ነበረች። ይሁን እንጂ ዓለም አቀፉ የሞተር ብስክሌት ፌዴሬሽን ስፖርቱ ለሴት አደገኛ ነው በማለት ፈቃዷን ነጠቃት። በዚያ ውድድር ሴት እንደገና ብቻዋን እስክትነዳ 16 ዓመት አልፏል።

ይህ ክልከላ ሴቶችን ከስፖርቱ ከማራቅ በቀር ያስገኘው ጥቅም አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2018 እስፓኛዊቷ አና ካራስኮ ከወንዶች ጋር ተወዳድራ በ1 ነጥብ ብልጫ የሱፐርስፖርት 300 የዓለም ሻምፒዮን ሆናለች። በ2020 በልምምድ ላይ ወድቃ የጀርባ አጥንቷ ቢሰበርም በ2021 ተመልሳ አሸንፋለች።

ሄልሜት ከየት መጣ?

ዛሬ በየሱቁ የምናየው ሄልሜትም የተገኘው ከውድድር ሜዳ ነው። ኤሪክ ጋርድነር የተባሉ እንግሊዛዊ ሐኪም በብሩክላንድስ የውድድር ሜዳ ራሳቸውን እየተመቱ የሚመጡ ሞተረኞችን ሲያክሙ ቆይተው፣ እ.ኤ.አ. በ1914 ከሸራና ከሙጫ የራስ መከላከያ አሠሩ። በዚያው ዓመት በማን ደሴት ውድድር ላይ ዋለ። በ1935 ታዋቂው ደራሲና ወታደር ቲ. ኢ. ሎሬንስ ያለ ሄልሜት ሲነዳ ወድቆ ሲሞት፣ ካከሙት አንዱ የነበሩት ሂዩ ኬርንስ ነገሩን ማጥናት ጀመሩ። በጥናታቸው መሠረት በ1941 የእንግሊዝ ጦር ለሞተረኛ መልእክተኞቹ ሄልሜትን ግዴታ አደረገ። በ1973 ሕጉ ለእንግሊዝ ሞተረኛ ሁሉ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ የብዙ ጥናቶች ግምገማ እንዳመለከተው ሄልሜት በአደጋ ጊዜ የመሞትን ዕድል በ42 ከመቶ፣ በራስ ላይ የሚደርስን ጉዳት ደግሞ በ69 ከመቶ ይቀንሳል።

በአገራችንም የመንገድ ትራፊክ ደንብ ነጂውም ሆነ ተሳፋሪው ሄልሜት እንዲያደርጉ ያዛል። ደንቡ በትራፊክ ፖሊስ ፊት ብቻ የሚከበር ከሆነ ግን ለቤተሰቡ የሚያተርፈው የለም። ስለዚህ የተወዳዳሪዎቹን ምርመራ ወደየቤታችን ደጃፍ ማምጣት ይገባናል።

በመጀመሪያ፣ ሞተር የሚገዛ ቤተሰብ የሁለት ሄልሜት ዋጋ አብሮ ያስብ። ሄልሜቱ በልክ የሚሆን፣ ማሰሪያውም ከአገጭ ሥር የሚቆለፍ መሆን አለበት። ያልታሰረ ሄልሜት ከሰው ቀድሞ ይወድቃል። በአደጋ ክፉኛ የተመታም ሄልሜት ውስጡ ስለሚጎዳ መለወጥ አለበት።

ሁለተኛ፣ ከኋላ የምንቀመጥ ሴቶች ነጠላችንን ወይም ሻሻችንን ሰብስበን እንቋጥር፤ በጎማና በሰንሰለት ሲጠመጠም ሰውን ጎትቶ ይጥላልና። ወደ ጎን መቀመጥ ሚዛን ያሳጣል። ከጭስ ማውጫው ቃጠሎም እግራችንን እንጠብቅ። እግሩ መርገጫው ላይ የማይደርስ ሕፃን በሞተር ባይሳፈር ይመረጣል።

ሦስተኛ፣ ጠዋት ከመነሣት በፊት ፍሬኑ፣ ጎማውና መብራቱ ይታይ። ሁለት ደቂቃ እንኳ አይፈጅም።

በመጨረሻም፣ የወደቀ ሰው ራሱን ስቶ ከተገኘ አንገቱን ሳናጣምምና ሄልሜቱን በጉልበት ሳንጎትት እርዳታ እንጥራ። በእግሩ ተነሥቶ ቢሄድም ካስመለሰው፣ ካንቀላፋ ወይም ንግግሩ ከተዘበራረቀ «ይተኛና ይሻለዋል» ሳንል ወደ ሐኪም ቤት እንውሰደው።

ሞተር ለብዙ ወጣቶቻችን የእንጀራ መሣሪያ ሆኗል። እናት ልጇ እንዳይነዳ ብትከለክለው የዕለት ገቢውን ታሳጣዋለች፤ ዝም ብትል ደግሞ እስኪመለስ ዓይኗ ከደጅ አይነቀልም። በሁለቱ መካከል ሌላ መንገድ አለ። ይኸውም ቁልፉን ከማንሣቱ በፊት ሄልሜቱን ማቀበል፣ ማሰሪያው እስኪቆለፍም ከደጃፉ አለመንቀሳቀስ ነው። ሴት ልጅም መንዳት ብትሻ የሚገባት ይኸው ጥንቃቄ ነው።