የጫካው ሰላይ ለምን ያስቃል?

«ሰላይ» የሚለው ቃል በአገራችን ፈገግ የሚያሰኝ ቃል አይደለም። በደርግ ዘመን ልጅ የነበርን ሰዎች «ጆሮ ጠቢ» ሲባል ወላጆቻችን ድምፃቸውን ዝቅ ሲያደርጉና መስኮት ሲዘጉ እያየን ነው ያደግነው። «ግድግዳም ጆሮ አለው» የሚለውን ምክር ከፊደል ገበታ ጋር አብረን ተማርነው ብል ብዙ አላጋነንኩም። ስለዚህ ሰላይን ጀግና ያደረገ፣ ያውም ለስምንት ዓመት ልጅ የተጻፈ፣ ያውም ከገጽ ገጽ የሚያስቅ መጽሐፍ ሲያጋጥመን «ይሄ ደግሞ ምን ጉድ ነው?» ማለታችን አይቀርም።

ጉዱ ግን አለ። በአሜሪካና በእንግሊዝ የልጆች መጻሕፍት መደብሮች የራሱ መደርደሪያ ያለው የሥዕላዊ ታሪክ ዓይነት ነው። ባለታሪኮቹ የጫካ እንስሳት ናቸው፤ ሥራቸው ስለላ ነው፤ ስለላውን ግን አይችሉበትም። እነዚህ መጻሕፍት ከውጭ በሚመጡ ዘመዶች ሻንጣ እየገቡ አዲስ አበባም ደርሰዋል። እኔም ከእህቴ ልጆች እየተዋስኩ ጥቂቶቹን አንብቤያለሁ። ዛሬ ምን እንደሆኑ፣ ከየት እንደመጡና ወላጅ ምን ሊያይባቸው እንደሚገባ ላስረዳ። በሕግ ለሠለጠነ ሰው ደግሞ በመካከላቸው አንድ ትልቅ የፍርድ ጥያቄ ተደብቋል።

ሁለት ምስክሮች፣ አንድ ትንሽ ዳኛ

ለምሳሌ «ኤጀንት ሙስ»ን እንውሰድ። ደራሲዋ ሞ ኦሃራ፣ ሠዓሊዋ ጄስ ብራድሊ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ታተመ። ሙስ በሰሜን አሜሪካና በሰሜን አውሮፓ ደኖች የሚኖር፣ ቁመቱ ከፈረስ የማያንስ፣ ቀንዱ እንደ ሰፌድ የተዘረጋ የአጋዘን ዘመድ ነው። በአማርኛ ስሙ ያስቸግራል፤ ፈጥነው ቢያነቡት «ሙዝ» ይመስላል፣ ጥቂት ቢያስረዝሙት ደግሞ «ሙስና» ይሆንና መርማሪው ተመርማሪ ይሆናል! በእንግሊዝኛው የወኪሉ ስም «ማንነቱ ያልታወቀ» ከሚለው ቃል ጋር የእንስሳውን ስም አጣብቆ የተሠራ ቀልድ ነው። ረዳቱ ጉጉት ነው።

ሰውዬው፣ ማለቴ እንስሳው፣ ራሱን በመለወጥ የተካነ ሰላይ ነው። ቀልዱም እዚሁ ላይ ነው። ያንን የሚያህል ቀንድ የተሸከመ ፍጡር የት ይደበቃል? ጽሑፉ «ማንም አላወቀውም» በሚልበት ቦታ ሥዕሉ ቀንዱን አውጥቶ ያሳያል። የዚህ ዓይነት መጽሐፍ ዋና ዘዴ ይኸው ነው። ጽሑፍና ሥዕል እንደ ሁለት ምስክሮች ናቸው፤ ቃላቸው ይጋጫል፤ የትኛውን እንደሚያምን የሚወስነው ልጁ ነው። በፍርድ ቤት ዓመታት የሚፈጀውን ምስክርን የመመዘን ጥበብ ልጁ አልጋው ላይ ተጋድሞ እየሳቀ ይለማመደዋል።

በዚያው ዓመት የወጣው የጆን ፓትሪክ ግሪን ሥራ ደግሞ ማንጎና ብራሽ የተባሉ ሁለት አዞ መሰል ሰላዮች አሉት፤ ከቦታ ቦታ የሚጓዙት በመጸዳጃ ቤት ቧንቧ ውስጥ ነው። ወላጅ ፊቱን ያጨማድዳል፤ ልጅ ግን ገጹን ይገልጣል።

ከየት መጣ?

የእንስሳት ተረት ከፍርድ ነገር ጋር የተገናኘው ዛሬ አይደለም። በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በፈረንሳይ መጻፍ በጀመረው የቀበሮው ሬናር ታሪክ ውስጥ ቀበሮው በአንበሳው ንጉሥ ችሎት ይከሰሳል፤ ከሳሽ አለ፣ ተከላካይ አለ፣ ምስክር አለ። አንባቢው የሚስቀው በቀበሮው ብቻ አይደለም፤ በችሎቱም ነው።

ስለላው የተጨመረበት በቀዝቃዛው ጦርነት ጊዜ ነው። ሶቪየት ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1957 ስፑትኒክን ካመጠቀች ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1959፣ በአሜሪካ ኤቢሲ ቴሌቪዥን ሮኪ የተባለ በራሪ ሽኮኮና ቡልዊንክል የተባለ ሙስ ብቅ አሉ። ተቃዋሚዎቻቸው ቦሪስና ናታሻ የተባሉ፣ ፖትሲልቫኒያ ከምትባል የፈጠራ አገር የመጡ ሰላዮች ናቸው። በመጀመሪያው ረጅም ታሪካቸው ቡልዊንክል የአያቱን ኬክ ሊጋግር ሲሞክር ምድጃው ፈንድቶ ጨረቃ ይደርሳል፤ የኬኩ አሠራርም የሮኬት ነዳጅ ምስጢር ሆኖ ያርፈዋል። ከዚያ በኋላ የመንግሥታት ግብግብ ሁሉ ለአንድ ኬክ ነው። የኑክሌር ሥጋት በነገሠበት ዘመን ልጆች ሥጋቱን በልካቸው አሳንሰው እንዲስቁበት መደረጉ ቀላል ነገር አይመስለኝም።

እንግሊዞች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1981 «ዴንጀር ማውስ»ን አመጡ። አንድ ዓይኑን የሸፈነ ነጭ አይጥ ለንደን ውስጥ በአንድ የፖስታ ሣጥን ሥር ይኖራል፤ ፔንፎልድ የተባለ ፈሪ ረዳት አለው። ዋና ጠላቱ ባሮን ግሪንባክ የተባለ ጉርጥ ነው። የጄምስ ቦንድ ፊልሞች ክፉ ሰው ነጭ ድመት እንደሚደባብስ ሁሉ፣ ጉርጡም ነጭ ጠጉራም አባጨጓሬ ይደባብሳል። አስፈሪው ሁሉ በአንድ አባጨጓሬ ረከሰ።

ሌላው ጫካ

አሁን ወደ ሌላ ጫካ ልውሰዳችሁ። እ.ኤ.አ. በ1977 በሰሜን ኮሪያ መዲና በፒዮንግያንግ «ሽኮኮና ጃርት» የተባለ ተከታታይ የካርቱን ፊልም መሠራት ጀመረ፤ ከሠላሳ በላይ ክፍሎች ወጥተውታል። ይህም የጫካ እንስሳት የስለላ ጀብዱ ነው። የአበባ ኮረብታ በምትባል መንደር ሽኮኮዎችና ጃርቶች ይኖራሉ፤ ጠላቶቻቸው አይጦችና የእኛን ሙጭልጭላ የሚመስሉ ሥጋ በሎች ናቸው፤ ኋላ ላይ ተኩላዎች ይጨመራሉ። የመንደሩ መከታ የነበረው ድብ ተሞካሽቶ፣ መጠጥ ጠጥቶ፣ ሰክሮ በተኛበት ጠላት ይገባል። ከዚያ በኋላ ወጣቱ ሽኮኮ በጠላት ጦር ውስጥ ሰላይ ሆኖ ይሰማራል።

ታሪኩ ልብ ይሰቅላል፤ ሥዕሉም ጥሩ ነው፤ በውጭ አገርም ወዳጆች አሉት። ብዙ ተመልካቾች ተኩላው አሜሪካን፣ ሰካራሙ ድብም የማይታመን የውጭ ወዳጅን እንደሚወክል ይናገራሉ። የእኔን ዓይን የሳበው ግን ፍቺው ሳይሆን አሠላለፉ ነው። በዚያ ጫካ ውስጥ ማን ጠላት እንደሆነ ለማወቅ ማስረጃ አያስፈልግም፤ ጅራቱንና ጥርሱን ማየት ይበቃል። ሽኮኮ ከሆነ ወገን ነው፤ ተኩላ ከሆነ ባላንጣ ነው። የራስ ወገን ሰላይ ደግሞ አይሳቅበትም፤ ይደነቃል እንጂ።

ይህን ስል አንዱን ጎራ ለማመስገን አይደለም። የአሜሪካ መንግሥትም እ.ኤ.አ. በ1951 ባሠራው ፊልም በርት የተባለ ኤሊን ልኮ፣ ሕፃናት አቶሚክ ቦምብ ሲወድቅ ከዴስክ ሥር እንዲገቡ አስተምሯል። መንግሥታት የልጅን ልብ በእንስሳ በኩል ማንኳኳት ይወዳሉ። ጥያቄው እንስሳው ሲመጣ ልጁ እንዲመረምር ነው ወይስ እንዲሰለፍ የሚጠየቀው የሚለው ነው።

የእኛ ጫካ

የእኛስ ተረት? አያ ጅቦ ሁልጊዜ ሆዳም ነው፤ እመት ጦጣ ሁልጊዜ ብልጥ ናት፤ አህያ ሁልጊዜ ተበዳይ ናት። አንበሳ፣ ነብር፣ ጅብና አህያ ተሰብስበው ዝናብ የጠፋው በማን ኃጢአት ነው ብለው የተናዘዙበትን ተረት የማያውቅ የለም። ከብት የበላው፣ ፍየል የበላው፣ ዶሮ የበላው ሁሉ «ይህማ ኃጢአት አይደለም» እየተባለ ይታለፋል፤ ጥቂት ሣር የነጨችው አህያ ግን ተፈረደባትና ተበላች። ይህ ተረት ለእኔ አንድ ሙሉ የሕግ ትምህርት ነው። ዳኞቹ ያዩት የተሠራውን ሥራ ሳይሆን ሠሪው ማን እንደሆነ ነው።

ይሁን እንጂ በእኛው አገር ከተረት ወጥቶ ሰው የጎዳ የጅብ ነገርም አለ። ቀጥቃጩንና ሸክላ ሠሪውን «ቡዳ ነው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል» እያሉ ማግለል ሣቅ አልነበረም። ማንም ማስረጃ አልጠየቀም፤ ሙያውና የተወለደበት ቤት ማስረጃ ሆኖ ተቆጠረ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 3 የተከሰሰ ሰው ጥፋተኝነቱ እስኪረጋገጥ እንደ ጥፋተኛ ያለመቆጠር መብት አለው ይላል። አንቀጹ በወረቀት ላይ ጥሩ ነው። ነገር ግን አንድ ሕዝብ ይህን ልማድ የሚያገኘው አዋጅ በማንበብ ብቻ አይመስለኝም። ከአፍላ ዕድሜ ጀምሮ «ማነው?» ከማለት በፊት «ምን አደረገ?» ብሎ መጠየቅ ሲለመድ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የስዊድን መጽሐፍ ትዝ ይለኛል። ዑልፍ ኒልሰን ጽፎት ጊተ ስፔ በሥዕል ያስጌጠችው፣ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ የኮሚሽነር ጎርደን ታሪክ ነው። ሰላይ ሳይሆን መርማሪ ነው፤ ዘመዱ ግን ያው ነው። ጎርደን የጫካው ፖሊስ አዛዥ የሆነ፣ ኬክ የሚወድ ወፍራም ጉርጥ ነው። ሽኮኮ «ለውዜ ተሰረቀ» ብሎ ያመለክታል፤ በበረዶው ውስጥ ሲጠብቅ አንዲት የተራበች ትንሽ አይጥ አንድ ፍሬ ስታነሳ ይይዛታል። እጅ ከፍንጅ ነው! ነገር ግን ጣቢያ ወስዶ ኬክ ያበላታል፤ ስም ያወጣላታል፤ ረዳቱ ያደርጋታል። በእንግሊዙ ካርቱን ጉርጥ ክፉ ነበር፤ በዚህኛው ጉርጥ ሕግ አስከባሪ ነው። በእኛ ዘንድ የክፉ ምልክት የሆነው ጉጉትም በሙሱ ታሪክ ታማኝ ረዳት ነው። ብዙ መጽሐፍ ያነበበ ልጅ ከቆዳ ላይ ፍርድ ማንበብ እንደማይቻል ማንም ሳይሰብከው ይደርስበታል።

ወላጅ ምን ይጠይቅ?

«ሥዕል የበዛበት መጽሐፍ ልጅን ያሰንፋል» የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። ስጋቱ የቆየ ነው፤ በአሜሪካም እ.ኤ.አ. በ1954 ፍሬድሪክ ዌርታም የተባለ የአእምሮ ሐኪም ኮሚክስ ወጣቶችን ለወንጀል ይዳርጋል የሚል መጽሐፍ አውጥቶ፣ አሳታሚዎች በዚያው ዓመት ራሳቸውን የሚቆጣጠሩበት ደንብ እስከ ማውጣት ደርሰው ነበር። እኔ ግን ሥዕሉ መብዛቱ አያስጨንቀኝም። ልጁ ሥዕሉን ከጽሑፉ ጋር እያስተያየ «ይሄ ውሸት ነው!» ብሎ ሲጮህ እያነበበ ነው፤ ያውም ከብዙዎቻችን ጋዜጣ አነባበብ በተሻለ ጥንቃቄ።

ስለዚህ መጽሐፉን ከመግዛታችን፣ ወይም ከዘመድ ሻንጣ ከመቀበላችን በፊት ሦስት ነገር እንጠይቅ። አንደኛ፣ ጥፋተኛው የሚታወቀው በሥራው ነው ወይስ በዘሩ? ሁለተኛ፣ በራሳችን ወገን ሰላይ መሳቅ ይፈቀዳል? ሦስተኛ፣ መጨረሻ ላይ ልጁ «ለምን?» ብሎ እንዲጠይቅ ቦታ ተትቶለታል? ሦስቱንም የሚያልፍ መጽሐፍ መጸዳጃ ቤት ቧንቧ ቢኖርበትም ይግባ።

ለደራሲዎቻችንና ለሠዓሊዎቻችን ደግሞ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ጭላዳው፣ ቀይ ቀበሮው፣ ኒያላው፣ ጃርቱ ሥራ ፈትተው ተቀምጠዋል። ተወርውሮ የማይጠፋ ጠጉር ለብሶ «ማንም አላየኝም» የሚል ጭላዳ ሰላይ ማን ይጠላል? ከሁሉ በላይ ደግሞ አያ ጅቦ በስሙ ብቻ ተጠርጥሮ፣ ማስረጃው ተመርምሮ፣ ነጻ የሚወጣበትን አንድ ታሪክ ለልጆቻችን ብንጽፍላቸው እወዳለሁ። ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ያደግን ወላጆች፣ ልጆቻችን በሰላይ ሲስቁ ብንሰማ መስኮቱን አንዝጋባቸው።