ይዞ ለመልቀቅ ምድር ጫፍ ድረስ

በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ከፍሎ፣ ሁለት ሦስት አውሮፕላን ቀያይሮ አሳ ለማጥመድ ምድር ጫፍ ድረስ የሚሄድ ሰው አለ ቢሏችሁ ምን ትላላችሁ? ያውም የያዘውን አሳ አይበላውም። ፎቶ ይነሳና መልሶ ወንዙ ውስጥ ይለቀዋል። ላንጋኖ ዳር ቁጭ ብሎ ቆሮሶ አስጠብሶ የበላ ያገሬ ሰው “ምነው፣ ጤና የላቸውም እንዴ?” ቢል አይፈረድበትም።

ቦታው ሪዮ ግራንዴ ይባላል። በደቡብ አሜሪካ ጅራት ላይ፣ አርጀንቲናና ቺሊ በሚካፈሏት የቲዬራ ዴል ፉዌጎ ደሴት፣ ከቺሊ ተነስቶ ሜዳውን ወደ ምሥራቅ እያቋረጠ አትላንቲክ ውቅያኖስ የሚገባ ወንዝ ነው። በሜዳው ላይ ዛፍ የለም ማለት ይቻላል፤ ሣር፣ በግና ነፋስ ብቻ። ትልልቆቹ የበግ እርባታዎች ባሉበት በዚያ ወንዝ ዳር ዛሬ የአጥማጅ ሎጆች ቆመዋል። ካው ታፔን፣ ቪያ ማሪያ፣ ማሪያ ቤሄቲ የሚባሉት ስሞች ለዚህ ስፖርት ወዳጅ እንደ ኦልድ ትራፎርድና ሳንሲሮ ናቸው።

የውድድር ዘመኑ (እንዲህ ካልነው) ከጃንዋሪ እስከ ኤፕሪል ነው። የሚሸጠው በሳምንት ነው፤ ብዙውን ጊዜ ስድስት የማጥመጃ ቀን ይኖረዋል። ሁለት እንግዳ ለአንድ ጋይድ ይደለደላል። ጠዋት ወንዝ ይወርዳሉ፣ ምሳ በልተው ጋደም ይላሉ፣ አመሻሹ ላይ እንደገና ወጥተው እስኪጨልም ድረስ ይቆማሉ። በጃንዋሪ መጀመሪያ እዚያ ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 4 ሰዓት ግድም ነው። ዋናው ጨዋታ ያለውም ያኔ ነው። የባሕር ትራውት የሚባለው ይህ አሳ ድንጉጥ ነው፤ ቀን ጥልቁ ውስጥ ተደብቆ ይውልና ብርሃን ሲደበዝዝ ይነቃል።

የሚያጠምዱት በትል ወይም በሥጋ አይደለም። መንጠቆው ላይ ላባና ፀጉር ተጠምጥሮ ነፍሳት ወይም ትንሽ አሳ የሚመስል ነገር ይሠራል፤ “ፍላይ” ይሉታል። ይህ ነገር ክብደት ስለሌለው በራሱ አይወረወርም፤ የሚወረወረው ከኋላው ያለው ወፍራም ክር ነው። ብልሃቱም ችግሩም እዚያ ላይ ነው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚጋልብ ነፋስ ብርቅ ባልሆነበት አገር፣ ወገብ ድረስ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ቆሞ፣ 4 ሜትር ገደማ የሚረዝም ዘንግ በሁለት እጅ ይዞ ክሩን ወንዙን ማሻገር! ይጥላል፤ ጅረቱ ፍላዩን እየገፋ ወደ ዳር ያመጣዋል፤ አንድ እርምጃ ወደ ታች ይራመዳል፤ እንደገና ይጥላል። መቶ ጊዜ፣ ሁለት መቶ ጊዜ። ምንም የለም።

ለምን ቢሉ አሳው አልራበውም። ባሕር ውስጥ ጠግቦና ወፍሮ ወደ ወንዝ የሚመለሰው ሊራባ ነው፤ ወንዝ ከገባ በኋላ መብላቱን ይተዋል ማለት ይቻላል። ታዲያ ፍላዩን ለምን ይነክሳል? በንዴት ነው የሚል አለ፣ በልጅነት ልማዱ ነው የሚልም አለ፤ ክርክሩ አላለቀም። ኳስ ሜዳ 90 ደቂቃ ዜሮ ለዜሮ ያበሳጨናል፤ እዚህ ሁለት ቀን ሙሉ ዜሮ ለዜሮ ሊወጣ ይችላል። ሲነክስ ግን 4 ኪሎ ተራ ነው፣ ከ9 ኪሎ በላይ የሚመዝንም አይጠፋም። ክሩን እየጎተተ ወደ ባሕሩ ይሸመጥጣል፣ ከውሃ በላይ ይዘላል። የሳምንቱ ዋጋ የተከፈለው ለዚያች ቅጽበት ነው።

የሚገርመው አሳው የአገሩ ተወላጅ አለመሆኑ ነው። ቡናማ ትራውት የሚባለው የአውሮፓ ዝርያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 ጆን ጉዶል የተባለ ሰው 60 ሺህ እንቁላል ከቺሊዋ ፖርቶ ሞንት አስመጥቶ፣ ከመንገድ የተረፈውን ወደ ሪዮ ግራንዴ በሚገቡ ትናንሽ ወንዞች አኖረው። ወደ ባሕር ውረዱ ያላቸው የለም። ወንዙ ስስታም፣ ባሕሩ ባለጸጋ ሆነባቸውና ወረዱ፤ ገዝፈውም ተመለሱ። የእኛው ባሌ ወንዞች ውስጥ ያለውና በ1960ዎቹ ከኬንያ የመጣው ቡናማ ትራውት የሥጋ ዘመዳቸው ነው። እሱ ግን ባሕር አያውቅም፤ ወይብ ወደ ገናሌ ሲወርድ የሚጠብቀው የቆላ ሙቀት አያሳልፈውም። (እንግዳ ሁሉ አልተመሰገነም። በ1946 ቲዬራ ዴል ፉዌጎ የገባው የካናዳ ቢቨር ደኑን ሲገነድስ ኖሯል። ትራውቱም ቢሆን ለአገሬው ትናንሽ አሳዎች ደግ ጎረቤት አይደለም።)

በአባቶቹ አገር ደግሞ ነገሩ ተገልብጧል። በስኮትላንድ የሎክ ማሪ ሐይቅ፣ በምዕራብ አየርላንድም ወንዞች፣ የባሕር ትራውት በ1980ዎቹ መጨረሻ በድንገት ተመናመነ። ብዙ ተመራማሪዎች ጣታቸውን የሚቀስሩት በጠረፉ በተስፋፋው የሳልሞን እርባታና እዚያ በሚራባው የባሕር ቅማል ላይ ነው። አርቢዎቹ በቀላሉ አይቀበሉትም። ሎክ ማሪ ዳር ለዚህ አሳ ይጎርፍ የነበረው እንግዳ ግን ቀርቷል።

“ይዞ መልቀቅ ምን ያደርጋል?” ለሚለው መልሱ ያለው እዚህ ጋ ይመስለኛል። የባሕር ትራውት እንደ ፓስፊክ ሳልሞን አንዴ ተራብቶ አይሞትም፤ ባሕር ወርዶ በሚቀጥለው ዓመት የበለጠ ገዝፎ ሊመለስ ይችላል። ዛሬ መጥበሻ ላይ የዋለ አሳ አንድ ራት ነው፤ የተለቀቀው ግን ሎጁንም፣ ጋይዱንም፣ ወጥ ቤቷንም ዓመት ከዓመት ያበላል። የቲዬራ ዴል ፉዌጎ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2021 የሳልሞን እርባታን የሚከለክል ሕግ ሲያወጣ ብዙ አጥማጆች የተደሰቱት በዚሁ ምክንያት ነበር። ሥራና ገንዘብ ያመጣል የሚሉት ወገኖችም ዝም አላሉም፤ ከዚያ ወዲህ ክርክሩ እንደገና ምክር ቤት ደጅ ደርሷል።

እንግዶቹ ግን ሳምንታቸው ሲያልቅ ስለ ሕጉ ብዙም አያወሩም። የሚያወሩት ስላመለጣቸው አሳ ነው። ከእነሱም ብዙዎቹ ሻንጣ ሳይዘጉ ለሚቀጥለው ዓመት ያንኑ ሳምንት ያስይዛሉ።