ሴፍቲኔት፦ በሬው ሳይሸጥ መድረስ ያለበት እህል

በ1992 ዓ.ም. ክረምት በኢትዮጵያ ደጋ ላይ የተከማቸ የነጎድጓድ ደመና ወደ ምዕራብ ተጉዞ አፍሪካን አቋረጠ። አትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ሲደርስ አልቤርቶ የተባለ አውሎ ነፋስ ሆነ፤ ሃያ ቀን ገደማም ባሕሩን ሲያምስ ቆየ። መነሻውን ወደ ኋላ ተከትለው እስከ እኛ ተራሮች ድረስ የደረሱት የአየር ጠባይ ተመራማሪዎች ናቸው። የካሪቢያን ጠረፍ ነዋሪ በየዓመቱ የሚሰጋው ማዕበል አብዛኛውን ጊዜ የሚጠነሰሰው በአፍሪካ ሰማይ ላይ ነው።

የጠረፍ ሰዎች ከዚህ አደጋ ጋር መኖርን የተማሩት በብዙ ሞት ነው። በ1963 ዓ.ም. የዛሬዋን ባንግላዴሽ የመታው ማዕበል 300 ሺህ ያህል ሰው ፈጀ። ብዙም ሳይቆይ በጎ ፈቃደኞች በድምፅ ማጉያና በባንዲራ ሕዝቡን የሚያስጠነቅቁበት አገልግሎት ተቋቋመ። በ2000 ዓ.ም. ሲድር የተባለው ብርቱ ማዕበል ሲመጣ የሞተው ሰው ቁጥር ጥቂት ሺህ ነበር። ልዩነቱን ያመጣው ቀድሞ መድረስ ነው።

በደቡብ ጎንደር ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ ገበሬ ግን አደጋው ከባሕር አይመጣም። በጉና ተራራ ዙሪያ ባለው ደጋ፣ ለአጨዳ የደረሰ ገብስ በአንድ ከሰዓት በረዶ ይረግፋል። ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ወንዞች በሚወርደው ቆላ ደግሞ ዝናቡ ዘግይቶ ይገባል፣ ቀድሞ ይወጣል። በረዶ ድንገተኛ ነው፤ ድርቅ ግን ጊዜ ይሰጣል። ዝናቡ መክዳቱ ገና በሐምሌ ይታወቃል፤ ጎተራው የሚራቆተው ከወራት በኋላ ነው። በዚያ መሐል ቤተሰቡ መጀመሪያ ዶሮውን፣ ቀጥሎ በጉን፣ ሲብስበት የሚያርስበትን በሬ ገበያ ያወጣል። በሬውን የሸጠ ገበሬ የከርሞው ዝናብ ቢሰምርለት እንኳ መሬቱን ለሌላ በእኩል ከመስጠት በቀር ምርጫ የለውም። የአንድ ዓመት ድርቅ የብዙ ዓመት ድህነት የሚሆነው እንዲህ ነው።

በ1995 ዓ.ም. በአገሪቱ ከ13 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የምግብ እርዳታ ጠባቂ ሆነ። በየዓመቱ ለጋሽ መማጸን፣ እህሉም በሬው ከተሸጠ በኋላ መድረሱ እንደማያዛልቅ ግልጽ ነበር። በ1997 ዓ.ም. ልማታዊ ሴፍቲኔት የተባለው ፕሮግራም የተጀመረው በዚህ ምክንያት ነው። መጀመሪያ 5 ሚሊዮን ያህል፣ በኋላ ወደ 8 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው አቀፈ፤ ከደቡብ ጎንደር ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ ገቡበት።

አሠራሩ ቀላል ነው። ተጠቃሚው በቀበሌ ይለያል። መሥራት የሚችል ቤተሰብ በእያንዳንዱ አባል ልክ በወር አምስት ቀን፣ ከጥር እስከ ሰኔ ይሠራል። ለአንድ ቀን ሥራ ሦስት ኪሎ እህል ወይም ገንዘብ ይከፈላል፤ በመጀመሪያው ዓመት ክፍያው በቀን 6 ብር ነበር። አምስት ነፍስ ያለበት ቤት በወር 75 ኪሎ ያገኛል ማለት ነው። ጧሪ የሌላቸው አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች ሳይሠሩ ይቀበላሉ፤ ነፍሰ ጡሮችና አራሶችም ከሥራው ያርፋሉ።

ከሥራው ብዙውን ቦታ የያዘው እርከን ነው። ሁለት ሰዎች እኩል ቁመት ያለው ዘንግ ይዘው ተዳፋቱ ላይ ይቆማሉ። ዘንጎቹን የሚያገናኘው ገመድ ወገቡ ላይ ውኃ ልክ ተንጠልጥሎበታል። የአየር አረፋዋ መሐል እስክትገባ አንደኛው ጥቂት ወደ ላይ፣ ጥቂት ወደ ታች እየተራመደ ልኩን ይፈልጋል። በተገኘው መስመር መሠረት ይቆፈራል፤ ትልልቁ ድንጋይ ከሥር ይገባል፣ ትንንሹ ክፍተቱን ይሞላል። ካቡ ጎርፉን ያዘገየዋል፣ አፈሩን ከጀርባው ያስቀራል፤ ከዓመታት በኋላም ቁልቁለቱ ደረጃ እየሠራ ይመጣል። ገበሬው ለዕለት ጉርሱ የሚያገኘው እህል ለልጁ መሬት ያተርፋል፤ የሴፍቲኔት ትልቁ ብልሃትም ይህ ነው።

ውጤቱ ተጠንቷል። በፕሮግራሙ አምስት ዓመት የቆዩ ቤተሰቦች፣ ለአንድ ዓመት ብቻ ክፍያ ካገኙት ጋር ሲነጻጸሩ፣ እህል የሚያጥራቸው ጊዜ በዓመት ከአንድ ወር በላይ አጥሯል፤ የከብታቸውም ቁጥር ተሻሽሏል። ከውጭ ላለ ሰው አንድ ወር ትንሽ ይመስላል። በነሐሴ ጎተራው ባዶ ለሆነበት ቤት ግን ትንሽ አይደለም።

ጉድለቱም መነገር አለበት። ክፍያ ይዘገያል። «ራሱን ችሏል» ተብሎ የሚመረቅ ቤተሰብ አንዳንዴ አንድ መልካም ዓመት ብቻ ያየ ነው፤ የሚቀጥለው በረዶ መልሶ ይጥለዋል። ምረቃ በኮታ ሳይሆን በቤቱ እህልና ከብት መመዘን ይኖርበታል። ከሁሉ የሚብሰው ግን መዘግየቱ ነው፤ ሦስት ወር የቆየ ክፍያ ሲደርስ በሬው ተሸጧልና። ለባንግላዴሽ ጠረፍ ማስጠንቀቂያው የሚሰጠው ጊዜ ቀናት ነው፤ የስማዳ ሰማይ ወራት ይሰጣል። በጀት የምትመድቡም፣ ስም ዝርዝር የምታጸድቁም ኃላፊዎች ሆይ፣ የጥር ሥራ ክፍያ በጥር ይከፈል።