ባሩድ ውስጥ ያለው አንድ በመቶ

ዛሬ ጥይት ውስጥ የሚገባው ጭስ አልባ ባሩድ መሠረቱ ናይትሮሴሉሎስ ነው፤ መጀመሪያ ለጦር መሣሪያ ያበቃው ፈረንሳዊው ፖል ቪየይ በ1884 እ.ኤ.አ. ነበር። ጉልበቱ ከጥቁር ባሩድ ይልቃል፤ ዐመሉ ግን ክፉ ነው። መጋዘን ውስጥ እንደተቀመጠ ቀስ በቀስ ይበላሻል፤ ሲበላሽ የናይትሮጅን ጋዞችን ያወጣል፤ ጋዞቹ መልሰው ብልሽቱን ያፋጥኑታል፤ ሲብስበትም ማንም ሳይነካው ይነዳል። «ዬና» በ1907፣ «ሊቤርቴ» በ1911 ቱሎን ወደብ ላይ የጋዩት በዚህ ሰበብ እንደሆነ ይታመናል። በሁለቱ የጦር መርከቦች በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች አለቁ።

መድኃኒቱ ማረጋጊያ መጨመር ነው። ከባሩዱ ክብደት 1 በመቶ ገደማ የሚሆን ዳይፌኒላሚን ጋዙን እየያዘ ያስቀረዋል፤ በዚያው መጠንም ራሱ ወደ ሌሎች ውህዶች ይለወጣል። የፎረንሲክ ኬሚስቱ አድኖ የሚፈልገው እነዚህን ነው። ሲተኮስ ባሩዱ ሙሉ በሙሉ አይነድም፤ የተረፈው ቅንጣት እጅና እጅጌ ላይ ይቀራል። መርማሪው በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ያለውን ቆዳ በኬሚካል በራሰ ጥጥ ይጠርግና ለላቦራቶሪ ይልካል።

ዳይፌኒላሚን ብቻውን ተገኘ ማለት ግን ብዙም አያስኬድም። ጎማ ፋብሪካም ይጠቀምበታል፤ አሜሪካ ውስጥ መጋዘን የሚገባ ፖም ቆዳው እንዳይጠቁር ይነከርበታል። ከለውጥ ውጤቶቹ ጋር አብሮ ሲገኝ ነው ነገሩ የሚከብደው። እዚህም ወጥመድ አለ፤ ጋዝ ክሮማቶግራፍ ናሙናውን በሙቀት ስለሚያተን ከውጤቶቹ ዋነኛው መሣሪያው ውስጥ ፈርሶ ተመልሶ ዳይፌኒላሚን ይሆናል። ስለዚህ በፈሳሽ ክሮማቶግራፊ መሥራት ይሻላል። አንዳንድ ባሩድ ውስጥ የሚገባው ሌላው ማረጋጊያ ኢቲል ሴንትራላይት ከባሩድ ውጭ እምብዛም ስለማይገኝ፣ እኔ ዳኛ ብሆን የሚያሳስበኝ እሱ ነው።

የሚገርመው፣ ዳይፌኒላሚን ቀድሞ ራሱ መርማሪ ነበር። በ1930ዎቹ የተጠርጣሪ እጅ በቀለጠ ፓራፊን ይሸፈንና ሲላጥ ኬሚካሉ በሰልፈሪክ አሲድ ተበጥብጦ ይንጠባጠብበት ነበር፤ ሰማያዊ ከሆነ «ተኩሷል» ተባለ። ማዳበሪያ የነካ ገበሬም፣ ትምባሆ አጫሽም ሰማያዊ ያወጣ ስለነበር ምርመራው ቀረ።

የዛሬው ምርመራ ከዚያ እጅግ ይራቀቃል፤ ቃታ የሳበውን አጠገቡ ከቆመው ለይቶ ግን አይነግርም። ተጠርጣሪው ናሙና ሳይወሰድበት በፖሊስ መኪና ከተጫነና ካቴና ከገባለት ደግሞ ጣጣው ይበዛል፤ የፖሊስ እጅ ባሩድ የለመደ ነውና።